ሃሪኬን (ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ) በሚመታው የባሕር ዳርቻ ለእንግዳ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የኢንሹራንስ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ወይም ሚሲሲፒ ዳርቻ ላይ ቤቱን በኤርቢኤንቢ (ለአጭር ጊዜ ቤት በሚያከራዩበት ድረ ገጽ) የሚያከራይ ሰው «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው አንድ ውል ነው። የሚያሰጋው ጉዳት ግን አራት ዓይነት ነው፤ ነፋስ፣ ውሃ፣ እንግዳ እና ቤቱ ሳይከራይ ሲቆይ የሚቀር ኪራይ። አራቱን የሚሸፍን አንድ ውል ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ለመኖሪያ ቤት በተገዛ ኢንሹራንስ ማከራየት ነው። መደበኛው ውል ባለቤቱ ራሱ ይኖርበታል በሚል የተጻፈ ነው። በየሳምንቱ እንግዳ እንደሚቀያየርበት ካልተነገረው፣ ኩባንያው ጣሪያው በተገነጠለ ማግስት «ይህ ንግድ ነው» ብሎ ካሳ ሊከለክል ይችላል። ለወኪልዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በውሃው ነው። የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ ሃሪኬን ገፍቶ ወደ የብስ የሚያመጣው የባሕር ውሃም የሚቆጠረው በጎርፍ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ከሃሪኬን ካትሪና በኋላ በሚሲሲፒ ዳርቻ የቤታቸው መሠረት ብቻ የቀረላቸው ሰዎች «ያፈረሰው ነፋስ ነው ወይስ ውሃ?» በሚል ከኩባንያዎች ጋር ፍርድ ቤት ተካሰዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ለአንድ መኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይከፍላል። ለቀረ ኪራይ ግን ምንም አይከፍልም። ባለቤቱ ዋና መኖሪያው ያላደረገው ቤት ከሆነ ደግሞ ካሳው የሚታሰበው እርጅና ተቀንሶለት ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ አከራይ ጥቂት ነው።

የሃሪኬን ዲዳክቲብልን (ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመውን ገንዘብ) እንደ ተራ ዲዳክቲብል ማየትም ያስከፍላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ 2፣ 5 ወይም 10 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ከደረሰው ጉዳት ሳይሆን ቤቱ ከተሸፈነበት ገንዘብ ነው። በ400,000 ዶላር የተሸፈነ ቤት 5 በመቶ ቢኖረው የመጀመሪያው 20,000 ዶላር ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። የ15,000 ዶላር ጉዳት ቢደርስበት አንድ ሳንቲም አያገኝም ማለት ነው።

ኤርቢኤንቢ ለአከራዮች የሚሰጠው የጉዳት ዋስትና እንግዳ ለሚያበላሸው ነው፤ ለማዕበል አይደለም። እንዲያውም አካባቢው ልቀቁ ተብሎ ከታዘዘ እንግዳው ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል፣ እርስዎ የጻፉት የስረዛ ደንብ ምንም ይበል።

የቀረ ኪራይ ሽፋን ሲገዙም አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ቤቱ ምንም ሳይሆን መንገዱ ወይም ድልድዩ ቢዘጋስ? ብዙ ውሎች ቤቱ ራሱ ካልተጎዳ አይከፍሉም፤ የመንግሥትን የክልከላ ትእዛዝ የሚሸፍኑትም ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው።

መዘግየት ደግሞ አለ። የአትላንቲክ ሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ ማዕበል ሲቃረብ ደግሞ የግል ኩባንያዎች አዲስ ውል መፈረም ያቆማሉ። ስለዚህ ግዢውን ከሜይ በፊት ይጨርሱ፤ የእያንዳንዱን ክፍልና ዕቃ ቪዲዮም ያን ጊዜ ይቅረጹ።