«ኔትወርካችሁ ሞቷል» ያሉኝ መምህር

ባሕር ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ የኮምፒውተር ድጋፍ እሠራለሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ አንጋፋ መምህር ደወሉ፦ «ልጄ፣ የትምህርት ድረ ገጹ ሞድልም ጂሜይልም እምቢ አለኝ፤ ኔትወርካችሁ ሞቷል!»

ቢሯቸው ሄድኩ። ስልካቸው በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። ኬብል ነካካሁ፣ ብሮውዘር ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች። በኋላ ዓይኔ የስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ፦ 2017። ለካ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል! የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ምስክር ወረቀት፣ የሚጀምርበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲቀር፣ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለውና ገጹን አልከፍትም ይላል።

«ጋሼ፣ የፈረንጁን ነው የሚፈልገው» አልኳቸው። ማውዙን አልነካሁም፤ ራሳቸው አስተካከሉት። የሰዓት ክልሉንም ከእኛ ጋር አንድ ወደሆነው ናይሮቢ አደረጉ። ተከፈተ።

ቀኑን መጀመሪያ ያጠፋው ግን ያለቀ የማዘርቦርድ ባትሪ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይረሳል። ሲአር 2032 ገዝቼ ቀየርኩ።