የካቡኪ ተዋናይን ፊት በዝግባ ቀርጾ ማተም

ጅማ ውስጥ መሮ የያዘ ሰው በየሰፈሩ አለ። በርጩማ የሚያወጣ እጅ የካቡኪ (የጃፓን ባህላዊ ቲያትር) ተዋናይን ሥዕል ማተም አያቅተውም። ልዩነቱ እዚህ ሥራ ላይ መስመሩ ሳይነካ ይቀራል፣ የሚነሣው ዙሪያው ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ጃፓናዊው ሠዓሊ ሻራኩ እ.ኤ.አ. በ1794 የሠራውን የኦታኒ ኦኒጂ ሳልሳዊን ሥዕል ነው። ተዋናዩ ኤዶቤ የተባለ ክፉ ሎሌ ሆኗል፤ አገጩን አስግጓል፣ ከንፈሩን ወደ ታች ጎትቷል፣ ጣቶቹ ከልብሱ ወጥተው ተበርግደዋል። ኃይሉ ያለው ጥቁሩ መስመር ላይ ስለሆነ በአንድ እንጨት ብቻ ብታትሙትም አይጎድልበትም። የሴት ገጸ ባሕርያትን (እነሱንም የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው) ለሌላ ጊዜ አቆዩአቸው፤ መስመራቸው በጣም ቀጭን ነው።

ጃፓኖች የዱር ቼሪ የሚጠቀሙት ጠንካራና ቃጫው ወጥ ስለሆነ ነው። የኛ ዋንዛ ለበርጩማ ተተኪ የለውም፤ ለዚህ ግን ቃጫው ሸካራ ስለሆነ ቀጭን መስመር አይዝም። ወይራ ደግሞ እጅ ይጨርሳል። ከዕቃ ሥራ የተረፈ ደረቅ ዝግባ ፈልጉ፤ በመላጊያ አስተካክላችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እሹት።

ሥዕሉን በስስ ወረቀት ገልብጡና ፊቱን ወደ እንጨቱ አድርጋችሁ በሙጫ ለጥፉ። ሲደርቅ ጀርባውን ጥቂት ዘይት ብትቀቡት መስመሩ ፍንትው ብሎ ይታያል።

አሁን ቢላ። የመስመሩን ሁለቱንም ጎን ቁረጡ፤ ስለቱ ወደ ታች ሲገባ ከመስመሩ እየራቀ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን መስመሩ ከሥሩ ሰፍቶ ይቆማል፣ ሲታሽ አይሰበርም። የተረፈውን በመሮ አንሡ። በጃፓን ፊትና ፀጉር የዋናው ቀራጭ ድርሻ ነበር፣ ልብሱን ተማሪዎቹ ይሠሩታል። ስለዚህ እናንተም ከልብሱ እጥፋት ጀምሩ፤ እጃችሁ ሲሟሟቅ ወደ ፊቱ እለፉ። ዓይኑ ላይ ትንፋሻችሁን ያዙ። ብሌኗ ትንሽ ነጥብ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ባዶ ቦታ በንጽሕና ካልተነሣ ቀለም ይሞላበትና ያ ሁሉ ቁጣ ይጠፋል። ከጆሮ በላይ ፀጉሩ ቆዳውን የሚነካበትን ቦታ የመጨረሻ አድርጉት፤ ቢላችሁንም ከዚያ በፊት ሳሉት።

ለማተም ከስንዴ ዱቄት እንደ ቀጭን አጥሚት ያለ ሙጫ አፍሉ። በውኃ የሚሟሟ ጥቁር ቀለምና ጥቂት ሙጫ እንጨቱ ላይ በብሩሽ አዳርሱ፤ ረጠብ ያለ ወረቀት አልብሱትና ጀርባውን እሹ። ጃፓኖች በቀርከሃ ልባስ የተጠቀለለ ክብ ማሻ አላቸው፣ ባሬን ይባላል። እኔ ከሄርማታ ገበያ የገዛሁት የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይበቃኛል። ከመሃል ወደ ዳር፣ በክብ እንቅስቃሴ።

በበጋ ወረቀቱ እጃችሁ ላይ ይደርቃል፤ ከማተማችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ መካከል አቆዩት። በክረምት ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ የጅማ እርጥበት ያሻግተዋል። የታተመውን ለየብቻ በገመድ አንጠልጥሉ፤ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው በሁለት ጣውላ መካከል ተጫኑት።