«መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ብሎ መለጠፍና ሌሎች የዲጂታል ማህደር ስህተቶች

በቅርቡ አንዲት ጀማሪ ባልደረባዬ ያዘጋጀችውን ሜታዳታ (ስለ ማህደር ዕቃዎቹ የሚገልጸውን መረጃ) እንድመለከትላት የኤክሴል ፋይል ላከችልኝ። ርዕሱ፣ ቀኑ፣ የፎቶ አንሺው ስም፣ ሁሉም በጥንቃቄ ተሞልቷል። የመብት ዓምዱ ላይ ስደርስ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ተለጥፏል፦ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ዛሬ ግን ልጻፈው።

በዚያ ፋይል ውስጥ ያነሳው ሰው ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው ፎቶ አለ። ማን እንዳነሳው የማይታወቅም አለ። ከአንድ ቤተሰብ በስጦታ የመጡ ደብዳቤዎች አሉ። የተቋሙ የራሱ ሪፖርቶችም አሉ። በመብት በኩል እነዚህ አራቱ አይገናኙም። ሁሉም ላይ አንድ ነገር ከጻፍን ቢያንስ ግማሹ ላይ ውሸት ጽፈናል ማለት ነው።

ጀማሪዎች ይህን የሚያደርጉት በስንፍና አይደለም፣ በፍርሃት ነው። «ለጥንቃቄ ብዬ ነው» ይላሉ። ግን ማንን ጠበቅን? መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ነጻ የሆነውን ፎቶ ተከልክሏል ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ አንዱ ጽሑፍ ልክ እንዳልሆነ ካወቀ የቀረውንም አያምንም። ባለቤት ያለውን ሥራም እንደ ልቡ ይገለብጣል።

የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው። ዕቃውን መያዝና የቅጂ መብቱን መያዝ አንድ ይመስለናል። ሳጥኑ በስጦታ ሲመጣ ወረቀቱ የእኛ ይሆናል። የቅጂ መብቱ ግን በጽሑፍ ካልተላለፈልን አብሮ አይመጣም። ደብዳቤ ላይ ደግሞ ይብሳል። መብቱ የጻፈው ሰው እንጂ የተቀበለው ሰው አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን የሰጠን ቤተሰብ ራሱ መብቱ ላይኖረው ይችላል። «ስካን ያደረግነው እኛ ነን» የሚለው ክርክርም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የመብት ዘመኑ ያለፈበትን ሥዕል እንዳለ የሚያሳይ ፎቶ አዲስ የቅጂ መብት እንደማያስገኝ ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የመብት ዘመናቸው ላለፈ የሥነ ጥበብ ሥራዎች በዚሁ መንገድ ሄዷል።

ታዲያ ምን ይጻፍ? እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ራይትስ ስቴትመንትስ የሚያቀርባቸው 12 ወጥ የመብት መግለጫዎች የተዘጋጁት ለዚሁ ነው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ሰው ያምታታሉ። አንደኛው የቅጂ መብቱ ገና አልተገመገመም ይላል። ሌላው ተገምግሞ ውጤቱ አልለየም ይላል። የመጀመሪያው «አላየነውም» ማለት ነው። ሁለተኛው «አይተን አልደረስንበትም» ማለት ነው። ካላያችሁት አላየነውም ብላችሁ ጻፉ። ምንም ነውር የለውም። ከባዶ ግምት በብዙ ይሻላል።

መግለጫዎቹ ቋሚ የድር አድራሻ አላቸው። እሱን ከብሮውዘር ላይ አትቅዱ። ብሮውዘሩ ወደ ማንበቢያ ገጹ ስለሚወስዳችሁ አድራሻው መሃል ላይ «ፔጅ» የሚል ቃል ይገባል። መመዝገብ ያለበት «ቮካብ» የሚለው ነው። ለሰው ዓይን ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ለማሽን ግን ሌላ አድራሻ ነው። ማብራሪያ ካላችሁ በሌላ ዓምድ ጻፉት፤ ከአድራሻው ጋር አታዳብሉት።

አሁን የራሴን ልናገር። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን በድምፅ የተቀዱ የሕይወት ታሪኮች ላይ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ ማለትም ሌላው ሰው ሥራውን እንዲያሰራጭ የሚፈቅድ ዝግጁ ፈቃድ ለጠፍኩ። ክፍት መሆን ጥሩ ነው ብዬ በቅን ልቦና ነበር። ተራኪዎቹ የፈረሙበት ቅጽ ግን ለማድመጥና ለጥናት እንጂ ለማሰራጨት አይፈቅድም። ቅጹን አላነበብኩትም። አንድ ቀን የአንዲት ተራኪ ልጅ ደወለች። የእናቷን ድምፅ በማታውቀው ቪዲዮ ላይ ሰምታዋለች። ከገጹ ላይ ወዲያው አነሳነው። ተቀድቶ የወጣውን ግን መመለስ አልቻልንም። የደወለችልን ልጅ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መስጠት የሚችለው የመብቱ ባለቤት፣ ወይም ባለቤቱ የወከለው ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ የሰጠው ፈቃድ ደግሞ አንዴ ለተጠቀመበት ሰው መልሶ አይነጠቅም። ከመለጠፋችሁ በፊት ቅጹን አንብቡ። እባካችሁ።

ውሳኔውን ያለ ምክንያቱ መመዝገብም ሌላ ስህተት ነው። ማን ወሰነ? መቼ? በየትኛው አገር ሕግ? በምን መነሻ? ዲጂታል ፋይሎችን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት የወጣው፣ ፕሪሚስ የሚባለው የሜታዳታ ደንብ ለዚህ ቦታ አለው፤ መነሻው የቅጂ መብት፣ ፈቃድ፣ ሕግ ወይም ሌላ መሆኑን ይጠይቃል። በርን የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ያስቀመጠው ዝቅተኛው ዘመን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፣ ብዙ አገሮች ግን 70 አድርገውታል። ስለዚህ ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ልክ ላይሆን ይችላል። የደራሲውን የሞት ዓመት ካልጻፋችሁ የሚተካችሁ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ለጊዜው ዝግ የሆነ ዕቃ ላይ «ከአምስት ዓመት በኋላ ይከፈታል» አትበሉ። ቀኑን ጻፉ።

የቅጂ መብትና መዳረሻም (ዕቃውን ማን ማየት ይችላል የሚለው) ይለያያሉ። የመብት ዘመኑ ያለፈ የሕክምና መዝገብ በግላዊነት ምክንያት ዝግ ሊሆን ይችላል። ደብሊን ኮር የሚባለው የሜታዳታ ደንብ መብትን፣ ፈቃድን፣ የመብት ባለቤትንና መዳረሻን በተለያየ ስም የሚያስመዘግበው ያለ ነገር አይደለም።

ወደ አጠቃቀም ቆጠራ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ስንት ሰው እንዳያቸው ወደ መቁጠር ስንመጣ ትልቁ ጣጣ ቦት፣ ሰው ሳይሆን ገጾችን በራሱ የሚጎበኝ ፕሮግራም ነው። አንድ ወር የጎብኚያችን ቁጥር በአራት እጥፍ ዘለለ። ቢሮው በደስታ ሞቀ፣ ቁጥሩም ሪፖርት ውስጥ ገባ። ሎጉን (ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ የሚመዘግብበትን ፋይል) ስከፍተው አብዛኛው ሌሊቱን ሙሉ ፋይል የሚለቅም አንድ ፕሮግራም ነበር። ሪፖርቱን ማስተካከል በጣም ከብዶን ነበር። ካውንተር የሚባለው የቆጠራ ደንብ የታወቁ ቦቶችን ያስወጣል። አንድ ሰው በ30 ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ የነካውንም እንደ አንድ ይቆጥራል። እናንተም የቆጠራ ደንባችሁን ጻፉና ከቁጥሩ ጋር አውጡት። የሚጎላ ምስል ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አንባቢው ካርታ ባጎላ ቁጥር ሰርቨሩ ምስሉን በቁርጥራጭ ይልካል፣ እያንዳንዱ ቁርጥራጭም ሎጉ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። አንድ ካርታ ያየ አንድ ሰው በቀላሉ መቶ ጎብኚ ይመስላል።

ቆጠራውን በፋይል ስም ሳይሆን በቋሚ መለያ፣ ለዕቃው አንዴ ተሰጥቶ በማይቀየር ቁጥር ወይም አድራሻ እሰሩት፤ ሲስተም ሲቀየር የፋይል ስም ይቀየራል፣ የዓመታት ታሪክም አብሮ ይጠፋል። ማን ምን እንዳነበበ የሚያሳይ ዝርዝር ደግሞ አታከማቹ። የአይፒ አድራሻ በአውሮፓ ሕግ የግል መረጃ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ አንባቢ አምኖን ነው የሚመጣው።

ብዙዎች ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ ነው የሚይዟቸው። አጠቃቀሙ በአንድ ዳሽቦርድ፣ መብቱ በሌላ ፋይል። ፋይሉን የላከችልኝ ጀማሪ ባልደረባዬም «ሁሉንም ማጣራት አልችልም» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ስለዚህ ዓምዱን ሁሉ «አልተገመገመም» በሚለው ቀየርነው። ከዚያ ከቦት የጸዳውን የአንድ ዓመት ቆጠራ ጎኑ አስገብተን፣ ብዙ ሰው ያያቸውን 50 ዕቃዎች ወደ ላይ አመጣን። የመጀመሪያው የቡድን ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ የስቱዲዮ ማኅተም አለው። ከእሱ ጀምራለች።