ሁለት አካላት ምን ያህል እንደሚሳሳቡ እንዴት ይሰላል?

አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው አሁን በስበት እየሳበዎት ነው፤ እርስዎም እሱን። በምን ያህል ኃይል? ካልኩሌተር ካለዎት ለማወቅ ብዙም አይፈጅም።

መጀመሪያ የሁለታችሁን መጠነ ቁስ (በሰውነታችሁ ያለውን የቁስ ብዛት) በኪሎግራም ይጻፉ፤ 70 እና 60 እንበል። ከክብደት ጋር አያምታቱት። ጨረቃ ላይ ቢወጡ ክብደትዎ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ መጠነ ቁስዎ ግን ያው 70 ነው። ሁለቱን ሲያባዙ 4200 ይመጣል።

ቀጥሎ ርቀቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚለካው ከመሃል እስከ መሃል እንጂ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አይደለም። መሬት ላይ የቆመ ሰው ከመሬት ያለው ርቀት ዜሮ ይመስላል፤ ለስሌቱ ግን እስከ መሬት እምብርት 6371 ኪሎሜትር ነው። ርቀቱን ወደ ሜትር ይቀይሩና በራሱ ያባዙት፤ ቅድም ያገኙትን ብዜት በዚህ ያካፍሉት። ርቀቱን በራሱ ማባዛት የዘለለ ሰው ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ የሚቀረው ግን ሩቡ ብቻ ነው። በሁለታችሁ መካከል 1 ሜትር ካለ፣ 4200 ለ1 ተካፍሎ ያው 4200 ነው። (ሰው ድቡልቡል ስላልሆነ ይህ ግምት ነው፤ ለእኛ ይበቃል።)

የቀረው በስበት ቋሚ ቁጥር ማባዛት ነው፦ 0.00000000006674። የፊዚክስ ሊቁ አይዛክ ኒውተን ይህን የስበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1687 ሲያሳትም ይህን ቁጥር አያውቀውም ነበር። ቁጥሩን ለማግኘት መንገድ የከፈተው በ1798 ውጤቱን ያቀረበው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ ነው። በቀጭን ሽቦ ባንጠለጠለው ዘንግ ጫፍና ጫፍ ትናንሽ የእርሳስ ኳሶች አስሮ፣ ትልልቅ የእርሳስ ኳሶች አስጠጋላቸውና ዘንጉ ስንት እንደዞረ ለካ። ትንሽ የአየር ንቅናቄ እንኳ ስለሚያበላሽበት ከክፍሉ ውጭ ሆኖ በቴሌስኮፕ ነበር የሚያነበው። የሚፈልገው የመሬትን እፍጋት (መጠነ ቁሷ ለይዘቷ ሲካፈል የሚገኘውን) ነበር፤ ቋሚው ቁጥር ከዚያ ልኬት የተሰላው ኋላ ላይ ነው።

ውጤቱ 0.00000028 ኒውተን ነው (ኒውተን እዚህ የኃይል መለኪያ ነው)። ይህ የአንድ ሚሊግራም ክብደት ሠላሳ አምስተኛው እጅ ገደማ ነው፤ ወንበሩ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ብቻውን ያሸንፈዋል።

አሁን በ60 ፈንታ የመሬትን መጠነ ቁስ ያስገቡ፦ ከ6 ቀጥሎ 24 ዜሮ። ርቀቱ 6,371,000 ሜትር። 690 ኒውተን ገደማ ያገኛሉ፤ ክብደትዎ ማለት ይህ ነው። እርስዎም መሬትን የሚስቡት በዚያው 690 ኒውተን ነው። ከወንበር ሲዘሉ እሷም ወደ እርስዎ ትመጣለች፤ ከግዝፈቷ የተነሳ ግን የምትንቀሳቀሰው ርቀት ከአንድ አቶም እጅግ ያነሰ ነው።