ከሽቦው በፊትም ከሽቦው በኋላም፦ ጥርስ ስናስተካክል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካሰረች ወዲህ ዘመድ ጎረቤቱ የሚጠይቀኝ «ስንት ፈጀ?» ብሎ ነው። ዋጋው እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። እኔ ግን ዓመታት ስመላለስ የገባኝ ሌላ ነው፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው ገና ሽቦ ሳይታሰብ፣ ወይም ሽቦው ተፈቶ «እፎይ» ካልን በኋላ ነው።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል»

ይህን እኔም ብያለሁ። ልጄ ስድስት ዓመቷ እያለ የታች መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሳት ነበር። ወስደን አስነቀልንላት፤ እሷም ተኛች፣ እኛም ተኛን። ያ ጥርስ ግን ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ እስከ 10 ወይም 12 ዓመቷ ቦታ ይዞ መቆየት ነበረበት። ቦታው ባዶ ሲሆን ከኋላው የበቀለው መንጋጋ ጥርስ ወደ ፊት አዘነበለና ዘጋው። ቋሚው ጥርስ ተራው ሲደርስ መውጫ አጥቶ ወደ ምላሷ በኩል ወጣ። ያኔ ቀለበትና ሽቦ ያላት ትንሽ የቦታ ማስጠበቂያ ሊደረግላት ይቻል ነበር። ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። እናንተ ጠይቁ። ከዚያም በፊት፣ ጥርሱ ሳይነቀል ተሞልቶ መዳን ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ሳልናገር የማላልፈው ግግ ማውጣትን ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ የሚታየው እብጠት በሽታ አይደለም፤ ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ ነው። በስለት ሲያወጡት ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። የደም መፍሰሱና የቴታነሱ አደጋ ሳይቆጠር፣ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ሳይበቅል ወይም ተጣሞ ሊቀር ይችላል፤ የፊት ጥርሶቹም ወደ ባዶው ቦታ ይሸሻሉ። ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው።

«ጥርሷ ሁሉ በቅሎ ይለቅ»

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ አስተካካይ ሐኪሞች) ማኅበር ልጆች 7 ዓመት ሳያልፋቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። በ7 ዓመት ሽቦ ይታሰር ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ታይተው «ቆይታችሁ ኑ» ይባላሉ። የሚታየው በተለይ የመንጋጋው አጥንት ነው። የላይኛው መንጋጋ ጠብቦ ጥርሶቹ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ የሚገጥሙ ከሆነ፣ በላንቃው መሃል ያለው የአጥንት መጋጠሚያ ሳይጠነክር በማስፊያ መሣሪያ በወራት ውስጥ ይሰፋል። ጉርምስና ካለፈ ለዚያው ሥራ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ጥርሱ ራሱ ግን በ40ም በ50ም ዓመት ይንቀሳቀሳል፤ ድድና አጥንቱ ጤነኛ ይሁን እንጂ «አሁንማ አርጅቻለሁ» ብሎ መተው ልክ አይደለም።

«በላስቲክ እዘጋዋለሁ»

ፍንጭት በእኛ ዘንድ ውበት ነው፤ ሰው «ዝጋው» ስላለ ብቻ አይዘጋም። መዝጋት የፈለገም ቢሆን ኢንተርኔት ላይ አይቶ ሁለቱን የፊት ጥርሶቹን በላስቲክ አይሰር። የጥርስ ሥር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ተንሸራትቶ ድድ ውስጥ ይሰወራል፤ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያዘውን ሁሉ እያጠፋ ይሄዳል። ምንም ያልነበራቸው ጥርሶች በዚህ ተነቃንቀው ወልቀዋል።

በፖስታ የሚላክ አላይነርም (ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ግልጽ የፕላስቲክ ማስተካከያ) ያስፈራኛል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንዲህ ያለውን አላይነር ይልክ የነበረውን ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለ ኩባንያ ያስታውሱታል፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሲዘጋ ብዙ ደንበኞች ሕክምናቸው ተጋምሶ ቀሩ። አላይነር ሐኪም አፍ ከፍቶ፣ ራጅ አንስቶ የሚከታተለው ከሆነ ጥሩ አማራጭ ነው። ግን በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ከአቦል እስከ በረካ አውልቆ የሚቀመጥ ሰው ሰዓቱ ከየት ይሞላለታል? እንዲህ ላለ ሰው የማይወልቀው ሽቦ ይሻላል።

«ቆሎ ትንሽ ብቻ»

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ከአጥንት የሚጋጥ ሥጋ ብራኬቱን (ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘውን) ያላቅቁታል፤ ያኔ ሕክምናው ይጓተታል። መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይገባም፤ ለዚያ ቀጭን ብሩሽ አለ። ካልጸዳ ብሬሱ ሲፈታ በብራኬቱ ዙሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ይቀራል። እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደገ ሰው ደግሞ ከውሃው ፍሎራይድ የመጣ ቡናማ ጥርስ ሊኖረው ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ የቆየው ጉዳት ከአዲሱ ይለያል።

«እዚህ ይረክሳል፣ አስሬ ልሂድ»

ለክረምት ከውጭ መጥቶ ብሬስ አስሮ መመለስ አይበጅም። በየጥቂት ሳምንቱ የሚያየው ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው የጀመረውን ለመጨረስ ፈቃደኛ የሆነ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። መሄድ ግድ ከሆነ ራጁንና የሕክምና ዕቅዱን ይዛችሁ ሂዱ።

«ተፈታ፣ ተገላገልን»

ብሬሱ የተፈታ ዕለት ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ምላሷን ጥርሷ ላይ ደጋግማ አንሸራተተች። ጥርሱ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ የሚይዝ ግልጽ የፕላስቲክ ሪቴይነር ተሰጣት። በሦስተኛው ወር ምሳ ልትበላ አውልቃ በሶፍት ጠቅልላ ሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችው። ሳህኑ ሲነሳ ሶፍቱም አብሮ ተነሳ። ማታ የቆሻሻውን ከረጢት ፈትተን በብርቱካን ልጣጭና በእንጀራ ቁርጥራጭ መሃል ፈለግነው፤ አጣነው። «ፈተናዋ ይለቅ» ብለን ስድስት ሳምንት ቆየን። ስንሄድ ከታች የፊት ጥርሶቿ አንዱ በጎኑ ዞሯል። የታችኛው እንደገና ለአራት ወር ታሰረ።

ምክንያቱን ያኔ ነው የተረዳሁት። ጥርስ ሲገፋ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። አዲሱ አጥንት እስኪጠና ወራት ይፈጃል። ድድ ውስጥ ያሉት ክሮች ደግሞ ከዚያም በላይ ቆይተው ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይስቡታል። ስለዚህ ሪቴይነር መጀመሪያ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ይደረጋል። ገና ዋጋ ስትነጋገሩ ሪቴይነሩ በሂሳቡ ውስጥ መኖሩን፣ መለዋወጫው ስንት እንደሆነ፣ ከጥርስ ጀርባ የሚጣበቀው ቀጭን ሽቦ ይሻል እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ሪቴይነሩ ቀይ ሣጥን አለው። ሣጥኑ ገበታው ላይ ካልታየ እንጀራ አይቆረስም። ታናሽ ወንድሟ 7 ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይዤለታለሁ።