የላፕቶፕ ስክሪን ቀለም አልስተካከል ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

«ስክሪኑ ቢጫ ሆነብኝ፣ ፓኔሉ ይቀየርልኝ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ላፕቶፕ አብዛኛው ፓኔሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ ጤነኛ ነው። የተበላሸው ሴቲንጉ ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት፣ ድራይቨር ማደስ፣ ስክሪኑን መጥረግ ሞክራችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ማታ የተስተካከለው ቀለም ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆያለን።

መንስኤው ናይት ላይት የሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ነው። ማክ ላይ ናይት ሺፍት ይባላል። ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ እንዲበራ ከተደረገ ሰማያዊውን ብርሃን ይቀንሳል፣ ስክሪኑም ወደ ቢጫ ያደላል። ዓይን ቶሎ ስለሚለምደው እንደበራ ልብ አትሉም። ማታ ቁጭ ብላችሁ የዊንዶውስን ካሊብሬሽን (የቀለም ማስተካከያ) ትከፍታላችሁ። ግራጫዎቹ መስመሮች ቢጫ ይመስላሉ። ቀዩን ትቀንሳላችሁ፣ አረንጓዴውን ትቀንሳላችሁ፣ በመጨረሻ ግራጫው ግራጫ ይሆንላችኋል። ሴቭ አድርጋችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ናይት ላይት ይጠፋል። የቀነሳችሁት ቀይና አረንጓዴ ግን እንደተቀነሰ ነው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ በዚህ ምክንያት ሳምንት ሙሉ የሠራውን አጥቷል። ስክሪኑ ሰማያዊ ሲያሳየው እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቢጫ ጨመረ። አልበሙ ሲታተም የሙሽራዋ ቬሎ ቅቤ መሰለ። ከአታሚው ጋር ተጣላ። ላፕቶፑን ሲያመጣልኝ ካሊብሬሽኑ ሴቭ ያደረገውን የቀለም ፋይል፣ ፕሮፋይሉን፣ አውጥቼ ያልተነካውን ፎቶ ከፈትኩለት። ቬሎው ነጭ ነው፣ የዳንቴሉ ቀዳዳ ሁሉ ይለያል። ስክሪኑም ፓኔሉም ምንም አልነበረባቸውም። ሥራውን ግን ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ እንደገና መሥራት ነበረበት።

ሌላዋ ደግሞ ፓኔል አስቀይራ ነው የመጣችው። አዲሱም ቢጫ ሆነባት። ማሽኗ ላይ ናይት ላይት፣ ከኢንተርኔት ያወረደችው የዓይን መከላከያ ፕሮግራምና የግራፊክስ ድራይቨሩ የቀለም ማስተካከያ ሦስቱም አንድ ላይ በርተዋል። ሳይመረምር ፓኔል የሚቀይር ባለሙያ ያናድደኛል። ምርመራው እኮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦ ማሽኑን አስነስታችሁ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ፣ ወደ ባዮስ፣ ግቡ። እዚያ ናይት ላይትም ሆነ የቀለም ፕሮፋይል አይሠራም። ባዮስ ላይ ነጩ ነጭ ከሆነ ስክሪኑን አትንኩት፤ ችግሩ ሴቲንግ ነው። እዚያም ቢጫ ከሆነ ያኔ ስለ ፓኔል እናወራለን።

መፍትሄው፦ ናይት ላይትን አጥፉ። ማታ በራሱ እንዳይበራ የሰዓት ፕሮግራሙንም አጥፉ። የዓይን መከላከያ ፕሮግራም ካለ አራግፉ። ማክ ላይ ትሩ ቶንንም አጥፉ፤ እንደ ክፍሉ መብራት ነጩን ስለሚቀያይር ዘላቂ ነጭ አይሰጣችሁም። ብራይትነስ በራሱ እንዳይቀያየር አድርጉ። ቻርጀር ሰኩ፤ በባትሪ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ኮንትራስቱን የሚነካ ድራይቨር አለ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ከለር ማኔጅመንትን ክፈቱ፣ ስክሪናችሁን ምረጡ፣ «ለዚህ መሣሪያ የራሴን ሴቲንግ ተጠቀም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉና የተበላሸውን ፕሮፋይል አውጡ። ማክ ላይ ከዲስፕሌይ ሴቲንግ ከፋብሪካ ወደመጣው ፕሮፋይል መመለስ ይበቃል። ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱት። ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይና ይሙቅ። አሁን ካሊብሬት አድርጉ፦ ነጩ 6500 ኬልቪን (የነጩ ቀለም መለኪያ)፣ ጋማው (ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄደው የድምቀት አካሄድ) 2.2።

የተበላሸውን ፕሮፋይል ሳታወጡ በላዩ ላይ ሌላ ካሊብሬሽን አትሥሩ። ኢንተርኔት ላይ «ለዚህ ሞዴል» ተብሎ የተጫነ ፕሮፋይልም አታውርዱ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ፓኔል ከተለያየ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ያ ፕሮፋይል የጫነው ሰው ስክሪን ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ቀለም መተዳደሪያችሁ ከሆነ ደግሞ በዓይን አትሥሩ፤ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ የሚለካ መሣሪያ ግዙ ወይም ተዋሱ። ዓይን ይለምዳል፣ መሣሪያ አይለምድም።

ምልክት፦ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ካሊብሬሽኑ ይጠፋል

ዊንዶውሱ ፕሮፋይሉን እንዲጭን አልታዘዘም። ከለር ማኔጅመንት ውስጥ አድቫንስድ፣ ቀጥሎ የሲስተም ዲፎልት መቀየሪያውን፣ እዚያም እንደገና አድቫንስድን ክፈቱ። «የዊንዶውስን የስክሪን ካሊብሬሽን ተጠቀም» የሚለውን ምልክት አድርጉ። በአድሚን መግባት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ጨለማ ነው

ብራይትነሱን እስከ ጥግ ከፍታችሁት ነው። ለህትመት የሚሠራ ሰው ከ100 እስከ 120 ካንዴላ በስኩዌር ሜትር (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ላፕቶፖች የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ ያበራሉ። መለኪያ ከሌላችሁ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ጎኑ ነጭ ወረቀት ያዙ። ስክሪኑ ከወረቀቱ ይልቅ እንደ አምፖል ከታያችሁ ቀንሱ።

ምልክት፦ ቀዩ ጡብ ይመስላል፣ ምንም ብታደርጉ አይደምቅም

ይህ በካሊብሬሽን አይድንም። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚባለው ፓኔል ኤስአርጂቢ ከሚባለው የተለመደ የስክሪን የቀለም ክልል የሚያሳየው 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። ካሊብሬሽን ያለውን ቀለም ቦታ ያስይዛል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ተተኪ ፓኔል ስትገዙም መጠኑና ሶኬቱ ገጠመ ተብሎ አትቀበሉ። ጀርባው ላይ ያለውን የፓኔል ቁጥር አንብቡና የቀለም ስፋቱን አጣሩ። ጥሩ ፓኔል አውጥቶ ይህንን የሚገጥም ሰው አለ፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ሥራ ሲጀምር ነው።

ሌሎቹ አልፎ አልፎ የሚገጥሙ ናቸው። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱት ቀለሙ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የስክሪኑ ኬብል ላልቷል ወይም ተጎድቷል። ቆዳ ሁሉ ብርቱካን የሚመስልባችሁ ስክሪኑ ሰፊ ቀለም ያለው ሆኖ ፕሮግራሙ ፕሮፋይል የማያነብ ሲሆን ነው፤ ፕሮፋይል በሚያነብ ፕሮግራም ክፈቱት። በኤችዲኤምአይ የተሰካ ሞኒተር ላይ ጥቁሩ አመድ ከመሰለ የግራፊክስ ድራይቨሩን የቀለም ክልል ወደ ፉል ቀይሩ። ጥግ ላይ ብቻ ያለ ቢጫ ጥላ ግን የፓኔሉ ነው። ፕሮፋይል መላውን ስክሪን እኩል ስለሚቀይር ጥጉን ላስተካክል ስትሉ መሃሉን ታበላሻላችሁ።