ሊኑክስ ሰርቨር ስታክ ሲያደርግ ምክንያቱን በሲሪያል ኮንሶል እንዴት እንደምንይዝ

ሰርቨሩ ሌሊት ስታክ ያደርጋል። ጠዋት ሪስታርት አድርጋችሁ ሎጉን ስትከፍቱት ምንም የለም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ዲስክ ላይ ለመጻፍ ፋታ አያገኝም። ሞኒተር ብትሰኩም የምታገኙት የመልእክቱን ጭራ ነው፤ የሚጠቅመን ግን መጀመሪያው ነው። ሲሪያል ኮንሶል እያንዳንዱን መስመር በሽቦ አውጥቶ ለሌላ ኮምፒውተር ይሰጣል።

መጀመሪያ ኬብሉ። ሰርቨሩ ጀርባ ላይ ባለ 9 ፒን ሶኬት ፈልጉ። ለላፕቶፑ የዩኤስቢ ሲሪያል አዳፕተር ያስፈልጋል። እኔ ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለውን እመርጣለሁ። በመሀል የሚገባው ኬብል ነል ሞደም የሚባለው ነው። ቀጥተኛው አይሠራም፤ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር መገናኘት አለበት። ስለዚህ 2ኛውና 3ኛው ፒን ይሻገራሉ፣ 5ኛው ከ5ኛው ጋር ይገናኛል። ይህን አዳፕተር ራስበሪ ፓይ (ትንሿ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር) ላይ እንዳትሞክሩት። የፓይ ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም፣ ቦርዱን ታቃጥሉታላችሁ።

ቀጥሎ ከርነሉን ማሳወቅ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን የግራብን (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሴቲንግ ፋይል ክፈቱና የከርነሉ መስመር ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ኮንሶል እኩል ይሆናል ቲቲዋይ0 (ሞኒተሩ)፣ ከዚያ ኮንሶል እኩል ይሆናል ቲቲዋይኤስ0 (የመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት)፣ በኮማ 115200 (ፍጥነቱ)። ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። የከርነል መልእክት ወደ ሁለቱም ይሄዳል፤ ዋናው ኮንሶል የሚሆነው ግን መጨረሻ የተጻፈው ነው። መልእክቶችን የሚደብቀውን «ኳየት» የሚለውን ቃል አጥፉት፣ ሁሉም መልእክት እንዲወጣ «ኢግኖር ሎግሌቭል» ጨምሩ። ግራብን አፕዴት አድርጋችሁ ሪስታርት።

ላፕቶፑ ላይ ከሲሪያሉ የሚመጣውን ለማየት «ስክሪን» የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። «ሚኒኮም» ከመረጣችሁ ሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮልን (በተጨማሪ ሽቦዎች «ላክ፣ ቁም» የሚባባሉበትን) አጥፉ። ሦስት ሽቦ ብቻ ባለው ኬብል ካላጠፋችሁት፣ መልእክት እያያችሁ መጻፍ ግን እምቢ ይላችኋል። እኔ ግማሽ ቀን ኬብሉን ስጠራጠር ውያለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ የሚመጣውን ሁሉ ፋይል ላይ አስቀምጡ። «ስክሪን»ን ስትከፍቱ ሰረዝና ትልቁን ኤል (-L) ጨምሩ። እኔ ይህንን ንቄ ሦስት ሌሊት ጠበቅኩ። በሦስተኛው ሰርቨሩ ወደቀ። ጠዋት ላፕቶፑ ስሊፕ ገብቶ አገኘሁት፤ ስክሪኑ ላይ የቀረው ግማሽ መስመር ነበር። ያንን ስህተት እንደገና ለመያዝ ሌላ ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚህ ስሊፕን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ሂዱ።

ሳትጠብቁ መሞከር ይቻላል። ሩት ሆናችሁ «ሲ» (c) ፊደልን ለከርነሉ ቀጥታ ትእዛዝ ወደሚሰጥበት የሲስአርኪው ትሪገር ፋይል (/proc/sysrq-trigger) ላኩ፤ ከርነሉ ወዲያው ይወድቃል። ሰው የሚሠራበት ሰርቨር ላይ ግን በፍጹም።

መልእክቱ ሲመጣ ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን «ኡፕስ» (Oops) ወይም «በግ» (BUG) የሚል የስህተት ቃል ፈልጉ። ከሱ በኋላ የሚከተሉት ብዙ ጊዜ የሱ መዘዝ ናቸው። «አርአይፒ» (RIP) የሚለው መስመር ከርነሉ የወደቀበትን ፈንክሽን ይነግራችኋል። ከሥር ያለው «ኮል ትሬስ» (የተጠሩት ፈንክሽኖች ዝርዝር) ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ወደ ኋላ ይወስዳል፤ ማን ማንን እንደጠራ ያሳያል። በእኔ ሰርቨር የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ስም እዚያ ተጽፎ ነበር። ከርነሉን አፕዴት አደረግኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሌሊት አልወደቀም።